በእግር ስንት ሰዓት ነው?

ጋሽ ዘውዱ ማረፋቸውን የነገረኝ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴው ጌታቸው ነው። ጠዋት ወደ ሥራ እየነዳሁ ሳለ ደወለና «ጋሽ ዘውዱ ዐረፉ» አለኝ። ከዚያ «ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ፓርኪንግ ስለሚያስቸግር ሰው ቀደም ብሎ እንዲመጣ ንገር» አለኝ።

አልተሳሳተም፤ አስቸገረ። ከዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከውድብሪጅ፣ ከጌይተርስበርግ፣ ከአሌክሳንድሪያ የመጣው ለቀስተኛ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ በመቃብሩ ዙሪያ ሲሽከረከር ግማሹን ፍትሐቱ አመለጠው። አብዛኛው ሰው በየመኪናው ብቻውን ነበር የመጣው፤ እኔም እንዲሁ። የምንቀብራቸው ሰው ደግሞ አሜሪካ በኖሩበት ሃያ ዓመት አንድም ቀን መኪና ያልገዙ፣ «እባካችሁ ተቀራርባችሁ ኑሩ፣ ነዳጁ አይዘልቅም» ሲሉን የኖሩ ናቸው። አፈር ሲለብሱ ቆሜ ሳይ ያሳፈረኝ ግን የመኪናው ብዛት አልነበረም። እኔ ከእሳቸው ጋር የራሴ ጉዳይ አለኝ።

ሰው ስለ የትኛውም ቦታ ሲያወራ ጋሽ ዘውዱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «በእግር ስንት ሰዓት ነው?» አዲስ ሥራ አገኘሁ የሚለውን ስለ ደመወዙ አይጠይቁትም፤ ከቤቱ በእግር ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው የሚጠይቁት። አንዲት የማኅበራችን እናት ልጇን መዳሯን ስትነግራቸው «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የልጅቷ ቤት ካንቺ ቤት በእግር ስንት ሰዓት ነው?» አሏት። ሰው ሳቀ፤ ወጣቶቹም «ጋሽ በእግር» የሚል ስም አወጡላቸው። እሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም። መልሱን የማያውቅ ሰው ሲገጥማቸው በሩን ሳይቆልፍ እንደወጣ ሰው ይጨነቃሉ። አትላንታ የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። የእሷ ነገር ሲነሳ ጥያቄውን አይጠይቁም፣ ወሬ ይለውጣሉ።

አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የማይለይ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ ከሃያ ዓመት በላይ ከአሰብ አዲስ አበባ የነዳጅ ቦቴ ነድተዋል። ከዚያ ሥራ የቀራቸው አንድ ልማድ ነበር፤ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጃቸውን ታጥበው መዳፋቸውን ያሸታሉ። አሁን የሚሸት ነገር እንደሌለ እያወቁ ያሸታሉ። እዚህ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጠው ከሚወጣው ሹፌር ሒሳብ ይቀበሉ ነበር። የመኪና ዘመን ያልቃል ብሎ የሚፈራ ሰው ቀኑን ሙሉ መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል። አንድ ቀን ሳጥናቸው አጠገብ ቆሜ ሳለ «ሰሎሞን፣ ይኸ ሁሉ መኪና አንድ ጠዋት አልነሳም ቢል፣ እነዚህ ሰዎች እናታቸውን እንዴት አድርገው ነው የሚያገኟት?» አሉኝ። እናቴ ያለችው ባሕር ማዶ ነው፤ እሱን ደግሞ አንስቼ ላስጨንቃቸው አልፈለግሁም።

ፍርሃታቸው ዝም ብሎ የሽማግሌ ፍርሃት አልነበረም። ያነባሉ። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ነዳጅ የተጻፈ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ እየተዋሱ፣ መዝገበ ቃላት ጎናቸው አድርገው፣ በወር ሠላሳ ገጽ ይጨርሳሉ። ከዚያ ዋና ዋናውን ፎቶ ኮፒ አንስተው በማኅበሩ ዕለት ለሁላችንም ያድላሉ። ወረቀቱን ተቀብለን ኪሳችን እንከታለን፤ ስንወጣ መኪናችን ውስጥ ይቀራል። «ከቅርቡና ከቀላሉ ቀድተን ጨርሰናል፤ አሁን የቀረው ከባሕር ሥር የሚቆፈረው፣ ከአሸዋ የሚጨመቀው ነው። ነገ ያልቃል አላልኩም። እያነሰ ሲሄድ ሰው ምን እንደሚሆን ነው የምፈራው» ይሉናል። «ምን ይሆናል?» ብለን ስንጠይቅ አይመልሱም።

ፈርተው ብቻ አይቀመጡም። ከአካባቢው አስተዳደር፣ ከካውንቲው፣ አንድ ቁራሽ የአትክልት ቦታ አስፈቅደው ጎመን፣ ድንችና ቃሪያ ተከሉ። የቦቴ ሹፌር እንጂ ገበሬ አልነበሩም፤ በመጀመሪያው ዓመት ያን ሁሉ የደከሙበትን ጎመን አጋዘን በላው። ረኃብን ፈርተው የሜሪላንድን አጋዘን ቀለቡ ብለን ተሳለቅንባቸው። በሁለተኛው ዓመት አጠሩት፤ ጎመኑም በቀለ። ለአፈሩ ብለው ማብሰያ ቤታቸው ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ በሳጥን ትል ማርባት ጀመሩ። የቤት ትራፊ ያበሏቸዋል። ባለቤቴ ሒሩት አንድ ቀን ሳሙና ብላ ያን ቁም ሣጥን ከፈተችና ሳጥኑን አየችው። ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው ቤት ውኃ እንኳን አልጠጣችም።

የኛ ማኅበር የሚካኤል ነው። ቀኑ በደረሰ ቅዳሜ በየተራ በየቤታችን እንጠጣለን፤ አንድ ወር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ወር ስካይላይን፣ አንድ ወር ሌላ ጋ። ጋሽ ዘውዱ ብዙ ጊዜ የሚመጡት በእኔ ታክሲ ነበር፤ ያን ጊዜ ጎረቤቴ ነበሩ። አሌክሳንድሪያ ተረኛ የሆነ ጊዜ ግን ልወስዳቸው ብሄድ የሉም። ስልክ አያነሱም። ማኅበሩ ቤት ስደርስም የሉም። ጸሎቱ ደርሶ፣ ተበልቶ፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ሊተላለፍ ሁላችንም ተነሥተን ቆመን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል፤ ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው ዋሽንግተንን ከላይ እስከ ታች አቋርጠው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ወንዙን ይዘው በእግራቸው መጥተዋል።

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። አንዴ ብቻ ነው ያረፍኩት። ይቻላል» አሉ፤ ገና ሳይቀመጡ።

የሳቀ ነበር። የቤቱ እመቤት ግን ውኃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ተንበርክካ እግራቸውን አጠበች። ተረከዛቸው ተልጦ ነበር። ማታ በታክሲዬ ስመልሳቸው ቤታቸው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያዩ በእግራቸው ያለፉበትን ቦታ ይቆጥሩልኝ ነበር። እኔ ያን ዕለት ትንሽ አብደዋል ብዬ አሰብኩ። ሒሩትም እንደዚያው ነው ያሰበችው፤ እሷማ ተናገረችው።

እኔና እሳቸው አንድ መንገድ ላይ ነበር የምንኖረው። ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር አራት ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ለክተውታል። ሲያስተዋውቁኝ «ይኸ ሰሎሞን ነው፤ አራት ደቂቃ ነው» ይላሉ። ሰዉ ግራ ይገባዋል፤ እኔ ግን በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ። ከማኅበሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት እግር መንገድ ውስጥ የሚገኝ ከእኔ ሌላ አልነበራቸውም።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ቤት ይገዛ ነበር። ባንኩ ይሰጣል፣ ሰው ይወስዳል። ሒሩት ውድብሪጅ አራት መኝታና ለሁለት መኪና የሚሆን ጋራዥ ያለው ቤት አየች። ልነግራቸው ስሄድ ድንች እየላጡ ነበር። ነገርኳቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ። «ገዝተሃል ወይስ ልትገዛ ነው?» አሉ። «ክሎዚንጉ፣ የመጨረሻው ፊርማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አልኳቸው።

«ሰሎሞን፣ አትሂድ። ቤቱ መጥፎ ነው አላልኩህም። እኔ የምለምንህ ለራሴ ነው። አንተ ከሄድክ በእግሬ የምደርስበት ሰው አይኖረኝም» አሉኝ።

ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ሲለምን ያሳፍራል። «ጋሼ፣ መኪና አለኝ አይደል? በፈለጉኝ ሰዓት ኮል ያድርጉልኝ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው። አምኜበት ነው የተናገርኩት። «እሺ» አሉና ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቤንዚን በጋሎን አራት ዶላር ያለፈበት ሰመር መጣ። ያን ሰመር የታክሲ ሹፌር ሆኖ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ለሥራ ብቻ ስነዳ ውዬ ከማገኘው ላይ ማደያው የሚወስደው ያስደነግጠኝ ነበር። ያላፌዘባቸው ሰው ሁሉ፣ ያፌዘባቸውም ጭምር፣ «ጋሽ ዘውዱ እኮ ተናግረው ነበር» ማለት ጀመረ። ወረቀታቸውን የሚጠይቅ ተገኘ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ደስ ሲላቸው አላየሁም። ሰውም ከማኅበሩ መቅረት ጀመረ፤ የጌይተርስበርጎቹ «ለመንዳት ሩቅ ነው» ብለው ቀሩ። ከስካይላይን ይመጡ የነበሩት ባልና ሚስትም ተዉት። እኔም እሑድ እሑድ እሳቸው ጋ መሄዴን ቀነስኩ። መጀመሪያ በሁለት ሳምንት አንዴ አደረግሁት፣ ከዚያ ጭራሹን ቀረሁ። ሁለት ወር ሞላኝ።

ኋላ ዋጋው ወረደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካ ከራሷ ድንጋይ ነዳጅ በገፍ መጭመቅ ጀመረች ተባለና ሰው ትልልቅ መኪናውን ገዛ፣ ጋሽ ዘውዱም እንደገና ማፌዣ ሆኑ። «መሳሳቴን ብሰማ ከእኔ በላይ ደስ የሚለው የለም» ይሉ ነበር። አትክልታቸውንም በእግር መሄዳቸውንም ግን አልተዉም። እኔ የምናገረው ስለዚያ ሰመር ነው።

ሰኞ ዕለት ነው፣ የእረፍት ቀኔ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተደወለ። ስከፍት ጋሽ ዘውዱ ሻርፓቸውን እንደጠመጠሙ፣ ላባቸው በአንገታቸው እየወረደ፣ በፌስታል ጎመን ይዘው ቆመዋል። በባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ በኋላ ደግሞ የእግረኛ መንገድ በሌለው አውራ ጎዳና ጠርዝ ለጠርዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘው ነው የመጡት። መኪና ሲያልፋቸው ጥሩምባ ሲነፋባቸው እንደነበር ነገሩኝ።

«ሁለት ወር ጠፋህብኝ። ነዳጁ ነው ብዬ ገመትኩ» አሉ። ቅሬታ የለበትም። የምፈራቸው እንደዚህ ሲናገሩ ነው።

ሒሩት ተደናግጣ ውኃ አመጣችላቸው። ልጃችን ሜሮን ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጎናቸው ቁጭ አለች። «ሜሮንዬ፣ ጓደኞችሽ የት ነው የሚኖሩት?» ብለው ጠየቋት። «አይ ዶንት ኖው። ማሚ ድራይቭስ ሚ» አለቻቸው፤ እናቷ በመኪና ስለምታደርሳት የት እንደሆነ አታውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሒሩት ዞሩ።

«ከእኔ በላይ ያለው አፓርትመንት ሊለቀቅ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ነው። ኦፊስ ያለችውን ልጅ አናግሬያታለሁ፤ እስከ ዓርብ ትይዝልኛለች። ተመለሱ» አሉ።

«ውይ ጋሼ! ቤቱንስ የት እናድርገው? እንሽጠው ብንልም ገዢ የለም እኮ። ሜሮንም ስኩሏን ለምዳለች» አለች ሒሩት። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ትወዳቸዋለች። እኔ ወለሉን አየሁ። እሳቸው ከኔ አንድ ቃል ጠበቁ። ሲያጡ «እሺ፣ እሺ፣ ይገባኛል» አሉ።

ሒሩት ጎመኑን ልትከትፍ ገባች። እኔና እሳቸው ነፋሻ ነው ብለን ጋራዡን ከፍተን በሩ ላይ በወንበር ተቀመጥን። «ጋሼ፣ ነዳጅ ቢወደድ እንጂ እኛ በሕይወት እያለን አያልቅም። ይኸን ያህል ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» አልኳቸው። ስንት ጊዜ ተጠይቀው ያልመለሱትን ያን ቀን መለሱ።

«ናዝሬት ነበር የምኖረው። ከአሰብ ስመለስ እቤቴ አድሬ ነው ወደ አዲስ አበባ የማልፈው። ነዳጅ በኩፖን ነው፤ ኩፖን ያለውም አያገኝም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጎረቤቴ ልጁን ታቅፎ መጣ። ባለ ታክሲ ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ በትኩሳት እሳት ሆኗል። ታክሲው በሩ ላይ ቆማለች፣ ጠብታ የላትም። የእኔ ቦቴ ደግሞ ቤንዚን ሞልቶ ከጎኗ ቆሟል። አምስት ሊትር ነው የጠየቀኝ።»

መዳፋቸውን አሸተቱ።

«ቦቴው በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ታሽጓል። ማኅተሙ ተቆርጦ ከተገኘ እስር ነው፤ በዚያ ጊዜ ከእስርም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ‹አልችልም፣ ታሽጓል› አልኩት። አልተከራከረኝም። ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ሄደ። ሐኪም ቤቱ ድረስ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰሎሞን፣ በቦቴው ራሱ ላደርሰው እችል ነበር እኮ። ጋቢናው ባዶ ነው፤ ማኅተሙንም አልነካም። ይኸን ያሰብኩት ከሄደ በኋላ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ነዳጅ መጠበቅ ለምዶብኝ፣ ሰውዬው ሲለምነኝ ማኅተሙ ብቻ ነው የታየኝ።»

«ልጁስ?» አልኩ።

«ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። አባትየው መጥቶ ‹ስለደረስክልኝ እግዜር ያክብርልኝ› አለኝ። ማኅተሙ አዲስ አበባ ሲፈተሽ ደኅና ነበር፤ ፈርሜ አስረክቤያለሁ።»

«ጋሼ፣ ጊዜው ነው» አልኳቸው። «አዎ፣ ጊዜው ነው። እኔም የምፈራው ጊዜውን ነው» አሉ። ሒሩት ለምግብ ጠራችን። ጥቂት ቀመሱ።

ሊሄዱ ሲነሡ ፀሐይዋ ገና አላዘቀዘቀችም። ያን መንገድ በእግራቸው ዳግመኛ ልለቃቸው አልችልም፤ ቁልፌን አነሣሁ። በጭንቅላቴ ግን እየሠራሁ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶ መልስ፣ በዚያ የትራፊክ ሰዓት፣ የነገ ሥራዬ። አፌን ስከፍት የወጣው «ጋሼ፣ ነዳጄ ትንሽ ስለሆነ እስከ ባቡሩ ላድርስዎት?» የሚል ነው።

«ምን ገዶኝ፣ በቂ ነው» አሉና ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

ሞተሩን ሳስነሣ የነዳጁ መርፌ ተነሥቶ ከግማሽ በላይ ቆመ። ሃያ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው። መርፌውን እንዲጋርድ ቀኝ እጄን መሪው ላይ ከፍ አድርጌ ላስቀምጥ ሞከርኩ፤ የሚሸፍን አልሆነም። እሳቸው ግን እስከምንደርስ ድረስ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገዱን ብቻ አዩ። ስፕሪንግፊልድ ጣቢያ ስንደርስ ሰበብ ልደረድር ጀመርኩ፤ በሌላ ቀን፣ ባንኩ፣ ሥራው እያልኩ። እጄን ያዙኝ።

«ተው ሰሎሞን። እዚህ ድረስ አድርሰኸኛል። እኔ ለጎረቤቴ ይኸንንም አላደረግሁም» አሉኝ።

ወርደው እያነከሱ ወደ ባቡሩ ሄዱ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባ ነፋብኝ፤ እስኪገቡ እንኳን ሳልጠብቅ ነዳሁ።